ልጄ፣ መንጠቆውና የሐዋሳ ሐይቅ

የሱብሒ ሶላት ተሰግዶ የሐዋሳ ከተማ ገና ከእንቅልፏ ሳትነቃ፣ አንድ ጎልማሳና አንድ የ9 ዓመት ልጅ እያንዳንዳቸው ረጅም ሸምበቆ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ሐይቁ ሲያዘግሙ ያየ ሰው ምን ይል ይሆን? አንዳንዱ «ሥራ ፈቶች» ይል ይሆናል። ሌላው ደግሞ «ምነው የገበያው ዓሣ አነሳቸው?» ብሎ ይገረም ይሆናል። ያ ጎልማሳ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው፤ ልጁም የበኩር ልጄ ነው። ወደ ሐይቁ የወሰደን የዓሣ አምሮት አልነበረም። የወሰደን የቤታችን ችግር ነው።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄ ከጧት እስከ ማታ ስልክ ላይ ተደፍቶ መዋል ጀመረ። ተቆጣን፤ አልሰማም። ስልኩን ደበቅን፤ የጎረቤት ልጅ ዘንድ ሄዶ መዋል ያዘ። ይባስ ብሎ ማታ ማታ ሲጠሩት ቶሎ የማይሰማ፣ ሲያነጋግሩት ቀና ብሎ የማያይ ልጅ ሆነብን። አንድ ምሽት እናቱ፣ «ከእጁ ነጥቀህ ባዶውን አትተወው። በምትኩ አንድ ነገር ስጠው እንጂ» አለችኝ። ነገሩ ልክ ነበር። ግን ምን ልስጠው?

መልሱ ካላሰብኩት አቅጣጫ መጣ። በዚያው ሰሞን አሜሪካን አገር፣ ሚኒሶታ በሚባለው ግዛት የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ ነበር። ከሻንጣው ውስጥ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን አውጥቶ ለልጄ ሰጠውና፣ «እንካ፣ የአጎትህ መጫወቻ ናት» አለው። ልጁ ሣጥኗን ሲከፍታት የሚያማምሩ ቀለማት ያሏቸው፣ ላባ የለበሱ ጥቃቅን ነገሮች ተደርድረው አየን። «አጎቴ፣ እነዚህ ዝንቦች ናቸው?» ሲል ጠየቀ። ስልኩን የረሳው ያን ዕለት ነው።

ላባ የለበሰች መንጠቆ

ዕቃዋ «ጂግ» ትባላለች። ጂግ አንዲት ትንሽ መንጠቆ ናት። አንገቷ ላይ ምስር ወይም ሽምብራ የምታክል እርሳስ ቀልጦ ፈሶባታል። ከእርሳሱ ሥር ደግሞ ላባ፣ ጠጉር ወይም ለስላሳ ጎማ ታስሮ ሹሉን ይሸፍነዋል። ውሃ ውስጥ ስትገባ እርሳሱ ወደ ታች ይስባታል። አጥማጁ የዘንጉን ጫፍ በቀስታ ነቅነቅ ሲያደርገው ላባው ይርገበገብና ትንሽ ዓሣ ወይም የውሃ ትል መስላ ትታያለች። ዓሣው ምግብ ያገኘ መስሎት ይጎርሳታል።

በሰሜን አሜሪካ በዚች መንጠቆ በብዛት ከሚጠመዱት ዓሦች አንዱ «ክራፒ» ይባላል። ክራፒ ጥቁርና ነጭ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ረግረጋማ ሐይቆችን፣ ዝግ ብለው የሚፈሱ ወንዞችን ይወድዳል። መዋያው የሰመጠ ግንድ ሥር፣ የውሃ ሣር መካከል ነው። አፉ እጅግ ስስ ስለሆነ አጥማጆቹ «የወረቀት አፍ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። በኃይል የጎተተ ሰው አፉን ቀዶ ዓሣውን ያጣል። ስለዚህ ክራፒን የሚያጠምድ ሰው ትዕግሥትና ቀስ ያለ እጅ ሊኖረው ይገባል።

የባለቤቴ ወንድም ሌላም ነገር አጫወተን። ክራፒ በጸደይ ወራት ወደ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ይመጣል። ወንዱ መሬቱን ጠርጎ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ ዕንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ዕንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቶቹ መዋኘት እስኪጀምሩ ድረስ ጎጆውን የሚጠብቀው አባትየው ነው። በዚያች ጊዜ አባት ከተያዘ ጎጆው ጠባቂ አልባ ይሆናል፤ ሌሎች ዓሦችም ዕንቁላሉን ይበሉታል። በዚያ አገር ሰው ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ ይገዛል፤ በቀን ስንት ዓሣ መያዝ እንደሚችልም በሕግ ተወስኗል። ልጄ ይህን ሲሰማ፣ «የእኛስ ሐይቅ ዓሣዎች? እነሱንስ አባታቸው ነው የሚጠብቃቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሐይቁ አጠገብ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ መልሱን አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

ሐይቃችንን እንወቅ

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ጥቂት ነገር ብናነሳ መልካም ነው። ሐይቁ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እጅግ ጥልቅ የተባለው ቦታ ከ22 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዝዋይ፣ ከላንጋኖና ከአባያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ሐይቅ ነው። ቢሆንም ለከተማዋና በዙሪያው ለሚኖረው ገበሬ ያለው ጥቅም ከስፋቱ በላይ ነው።

ሐይቁን ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ወደ እርሱ የሚገባ ወንዝ አለው፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ዋነኛ ገባሩ ጥቁር ውሃ ነው። ጥቁር ውሃ የሚነሳው በስተምሥራቅ ካለው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። ጨለለቃ ቀደም ሲል ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር። ከተራሮቹ እየታጠበ የሚወርደው ደለል እየሞላው ሄዶ ዛሬ ረግረግና የግጦሽ ሜዳ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ሐይቅ ሆኖ ያወቁትን ስፍራ ልጆቻቸው ከብት ሲያግዱበት ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ሐይቅ ይሞታል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ደግሞ የገባበትን ሁሉ፣ ደለሉንም ቆሻሻውንም፣ ይዞ ይቀራል።

በሐይቁ ውስጥ 6 ዓይነት ዓሦች እንደሚኖሩ አጥኚዎች ጽፈዋል። ከእነዚህ መካከል ሦስቱ ጥቃቅን ስለሆኑ ወደ ገበያ አይወጡም፤ የአዕዋፍና የትልልቅ ዓሦች ምግብ ናቸው። የእኛን ማዕድ የሚሞሉት ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። ከሦስቱ በብዛት የሚያዘው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ በዓለም ገበያ «ቲላፒያ» በመባል የሚታወቀው ዓሣ ሲሆን፣ ዛሬ ከእስያ እስከ ላቲን አሜሪካ በኩሬ እየረባ ይሸጣል። የትውልድ አገሩ ግን አፍሪካ ነው። የጥንት ግብፃውያን በመቃብር ግድግዳዎቻቸው ላይ ሥለውት ሄደዋል። እኛ በእሳት ጠብሰን የምንበላው የሐይቃችን ዓሣ እንዲህ ያለ ጥንታዊ ዝና ያለው ነው።

የሸምበቆው ትምህርት

ወደ ማጥመዱ እንመለስ። በነሐሴ ወር አንድ ቅዳሜ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ አባርቶ፣ ልጄና እኔ ከቄጠማው ጥግ ቆምን። ከሣጥኗ ያማረችውን ቢጫ ላባ መርጠን በናይለን ክር አሰርን። ነቅነቅ አደረግናት፤ አጎቱ እንዳሳየን አስደነስናት። ቆሮሶው ግን ዘወር ብሎም አላያት። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ምክንያቱን የነገሩን በአቅራቢያችን ቁጭ ብለው መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ናቸው። ልጄ ቀረብ ብሎ፣ «አባባ፣ ለምን አይበላልንም?» ቢላቸው ሳቅ ብለው፣ «ማሙሽ፣ ቆሮሶ ሣር በል ነው እኮ! ዶሮ ምን ያደርግለታል?» አሉት። እውነታቸውን ነው። ክራፒ ሌላ ዓሣና ነፍሳት አድኖ የሚበላ ስለሆነ በሚንቀሳቀስ ላባ ይታለላል። ያደገ ቆሮሶ ግን በአብዛኛው የሚመገበው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉትን ዓይን የማያያቸው እፀዋት ነው። ስለዚህ ላባዋ ለአምባዛና ለቢልጫ ትሆን እንደሆነ እንጂ ለቆሮሶ አትሆንም። እነዚህ ሁለቱ ሥጋ አይጠሉምና። የአሜሪካኑን መሣሪያ ወደ ሣጥኑ መልሰን የአገራችንን ዘዴ ያዝን። ከክራፒ አጥማጆች የወሰድነው ቀስ ያለውን እጅና ቄጠማ ጥግ መቆሙን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ ከልጆቻቸው ጋር መሞከር ለሚፈልጉ ወላጆች የተማርነውን እናካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ዘንጉ ቀላልና ጫፉ የሚለመጥ ሸምበቆ ይሁን። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሜትር ቢሆን ይበቃል። ክሩ ቀጭን ናይለን ይሁን፤ ወፍራም ክር ዓሣው ያየዋል። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆዋም ትንሽ ትሁን። ብዙ ጀማሪ ትልቅ መንጠቆ ትልቅ ዓሣ ይይዛል ብሎ ይሳሳታል። ከመንጠቆዋ አንድ ጋት ያህል ከፍ ብሎ ጥቂት ክብደት ይታሰራል። ከዚያ በላይ የቡሽ ቁራጭ ወይም የዶሮ ላባ ዘንግ ተንሳፋፊ ሆኖ ይታሰራል። የተንሳፋፊው ቦታ ማጥመጃው ከመሬቱ ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል ተደርጎ ይስተካከላል።

ለማጥመጃ የሚሆነው ምግብ ውድ አይደለም። ከጓሮ የተቆፈረ የመሬት ትል ወይም በደንብ የታሸ የዳቦ ልብ ይበቃል። ትሉ ሙሉ በሙሉ መንጠቆዋን መሸፈን አለበት። ከዚያ በኋላ ቦታ መምረጥ ነው። ቆሮሶ ቄጠማው መካከልና ጫፉ ላይ ይውላል። ስለዚህ ክሩ መውደቅ ያለበት ቄጠማው ካለቀበት ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ወጣ ብሎ ነው። መካከሉ ላይ ከጣላችሁት ክሩ ይተበተባል፤ ከሩቅ ከጣላችሁት ደግሞ ዓሣ የለም።

ሰዓቱም ይመረጣል። ጧት ሐይቁ እንደ መስተዋት ጸጥ ይላል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ሞገዱ ተንሳፋፊውን ሲያወዛውዘው የዓሣውን ንክሻ ከሞገዱ መለየት ያስቸግራል። ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ጥላችሁ ውሃው ላይ ከወደቀ ዓሣው ይሸሻል። እግር ቢመታ፣ ድንጋይ ቢወረወር ይሸሻል። ልጄን ቀና ብሎ ማየት፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ያስተማረው የእኔ ቁጣ አይደለም፤ ይህ ተንሳፋፊ ነው። ተንሳፋፊው ሲንቀጠቀጥ ገና ነው። ወደ ጎን ሲንሸራተት ወይም ጠልቆ ሲጠፋ ግን የእጅ አንጓን ብቻ ቀና ማድረግ ነው። በትከሻ ኃይል መጎተት አያስፈልግም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ልጄ የመጀመሪያውን ቆሮሶ ያዘ። ከመዳፉ እምብዛም የማይበልጥ ነበር። ጩኸቱን የሰሙት ቄጠማው ላይ ያረፉት ወፎች ሁሉ ተነስተው በረሩ። ዓሣውን በላስቲክ ይዞ ቤት ድረስ ሮጠ። እናቱ ጠበሰችለት፤ አምስት ሆነን ለእያንዳንዳችን አንዲት ጉርሻ ደረሰን። ከዚያች ጉርሻ የበለጠ የጣፈጠ ዓሣ በልቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ጥፋት ያጠፋን መሆኑ አልገባንም ነበር።

አሞራ ገደል ላይ ያየነው

በሚቀጥለው ሳምንት ልጄን ወደ አሞራ ገደል ወሰድኩት። ሐዋሳን የጎበኘ ሰው ሁሉ ይህን የዓሣ ገበያ ያውቀዋል። ጀልባዎቹ ሌሊት ተጥሎ ያደረውን መረብ ሰብስበው ጧት ይደርሳሉ። ወጣቶቹ ቢላቸውን ስለው ዓሣውን በደቂቃ ውስጥ ገፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። ቁመታቸው ሰው የሚያክሉት አባ ኮዳዎች ተሰልፈው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ከዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ ይዘላሉ። ለልጅ ከዚህ የበለጠ ትርዒት የለም።

አንድ አጥማጅ ከመረቡ ዓሣ እየፈለቀቀ ወደ አሸዋው ሲወረውር አንዲት ቆሮሶ በእግራችን ሥር ወደቀች። አፏን ከፈተች። ከአፏም የጤፍ ቅንጣት ታክል ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነገሮች ፈሰሱ። ልጄ ጎንበስ ብሎ ሲያይ እየተንፈራገጡ ነበር። ጥቃቅን ዓሣዎች ናቸው።

«አባ፣ ልጆቿን በልታ ነው?» አለኝ።

አልበላቻቸውም፤ ትጠብቃቸው ነበር። ልጄ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። የክራፒን ልጆች የሚጠብቀው አባት ነው፤ የቆሮሶን ልጆች የምትጠብቀው እናት ናት። ወንዱ ቆሮሶ በዳርቻው አሸዋ ላይ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቷ ዕንቁላሏን ጥላ ወዲያው መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። ከዚያም ዕንቁላሉ እስኪፈለፈል፣ ጫጩቶቹም ራሳቸውን እስኪችሉ ሁለት ሳምንት ያህል በአፏ ተሸክማቸው ትዞራለች። በዚያን ጊዜ እምብዛም አትመገብም። ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩ እንኳ አደጋ ከታየ ተሯሩጠው ወደ አፏ ይመለሳሉ። ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ሊራባ ይችላል፤ በሐዋሳ ሐይቅ ግን ይህ ሥራ የሚበረታባቸው ወራት አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ክረምቱ ነው። ስለዚህ በነሐሴ ወር ከመረብ የወጣች አንዲት እናት ብቻዋን አትሞትም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆቿን ይዛ ነው የምትሞተው።

በመንጠቆ እንዲህ ያለ ጉዳት የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። አፏ በልጆቿ የተሞላ እናት ትል አትጎርስምና። መረብ ግን የራበውንና ያልራበውን፣ እናቱንና ልጁን አይለይም። ቀዳዳው የጠበበ መረብ ደግሞ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደውን ዓሣ ጠርጎ ያወጣዋል። የዓሣው መጠን እያነሰ መምጣቱንና ለዚህም ጠባብ መረብ አንዱ ምክንያት መሆኑን ስለ ሐዋሳ ሐይቅ የጻፉ አጥኚዎች ደጋግመው አሳስበዋል።

አጥማጁ ክፉ ሰው ሆኖ ነውን? አይደለም። ያን ዕለት ያነጋገርነው አጥማጅ የነገረን ይህ ነው። ሰፊ ቀዳዳ ያለው መረብ የጣለ ቀን ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ቤቱ ደግሞ ልጆች አሉት። ትንሹንም ትልቁንም ዓሣ የሚገዛው ሰው አላጣም። በሁዳዴ ጾም ወራት ደግሞ ፈላጊው ስለሚበዛ የተገኘው ሁሉ ይሸጣል። እርሱ ቢተወው ጎረቤቱ ያጠምደዋል። ይህን ሲናገር ዓይኑን ከአሸዋው ላይ አላነሳም።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባ፣ እኛስ ትንንሾቹን አይደል የምንገዛው?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም እንደ ብዙ ሰው «ረከስ ያለውን ስጠኝ» እያልኩ በገመድ የተሰኩትን ጥቃቅን ዓሦች ስገዛ ኖሬያለሁ። መረቡን ያጠበበው አጥማጁ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ቅርጫት አለበት። አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ አባት ሁለት ምርጫ አለው። «ዝም በል» ይለዋል፤ አለዚያም ልማዱን ይለውጣል።

አንድ ስንዝር

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን አንድ ሕግ ወጣ። ከአንድ ስንዝር ያነሰ ቆሮሶ አንይዝም፤ አንገዛም። የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ለመራባት የሚደርሰው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሞላው ነው። ይህም የአንድ ጎልማሳ ስንዝር ያህል ነው። ሜትር መያዝ አያስፈልግም፤ እጅ ሁልጊዜ አብሮን አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄ አንድ ዓሣ ያዘ። በራሱ ስንዝር ለካው፤ አለፈ። ደስ ብሎት ወደ ላስቲኩ ሊከት ሲል ቆም አለና እጄን ስቦ ዓሣው አጠገብ ዘረጋት። በእኔ ስንዝር ሁለት ጣት ጎደለ። ዓሣውን አየው፤ እኔን አየኝ። እኔም ምንም አላልኩም። «ባንተ ስንዝር ነው የሚለካው፣ አባ» አለና እጁን ውሃ ውስጥ አርሶ፣ መንጠቆዋን በቀስታ አውጥቶ፣ ዓሣውን ወደ ቄጠማው ለቀቀው። ያን ቀን ባዶ እጃችንን ነው የገባን። እናቱ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችን።

ዓሣ ለመልቀቅም ዘዴ አለው። በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ ሰውነቱን የሚጠብቀው ልስላሴ ይገፈፍና በኋላ ይታመማል። ስለዚህ እጅን ማራስ፣ ከውሃ ውጭ ብዙ አለማቆየት፣ ከፍ አድርጎ አለመወርወር ያስፈልጋል። ለመብላት የተያዘውንም በላስቲክ ውስጥ ሲንፈራገጥ ማሰቃየት ተገቢ አይደለም። የውሃ አደን ሐላል መሆኑ፣ እንደ በግና ዶሮም መታረድ የማያስፈልገው መሆኑ፣ ርኅራኄን ከእኛ ላይ አያነሳም። ራሱን አንድ ጊዜ በኃይል መትቶ ቶሎ ማሳረፍ ይሻላል። ልጆች ይህን ከአባታቸው እጅ ይማሩት።

በአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህንኑ ሀብት ለመጠበቅ ነው። ዓሣን በመርዝና በፈንጂ መያዝን ይከለክላል፤ ለንግድ የሚያጠምድ ሰውም ፈቃድ ማውጣት አለበት። ይሁን እንጂ ሕግ በወረቀት ላይ ብቻውን ዓሣ አይጠብቅም። ገዢው ትንሹን ዓሣ «አልፈልግም» ሲል ጠባቡ መረብ ዋጋ ያጣል።

ለወላጆች ማሳሰቢያ

ልጅን ወደ ሐይቅ መውሰድ መልካም ነው፤ ብቻውን መላክ ግን አደጋ ነው። የሚከተሉትን አደራ እንላለን።

አንደኛ፣ ጉማሬ። በሐዋሳ ሐይቅ፣ በተለይም በጥቁር ውሃ በኩል ጉማሬዎች አሉ። ሌሊት ወጥተው ሲግጡ አድረው ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳሉ። በጉማሬና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ከሞት ጋር ተፋጧል። ስለዚህ ፀሐይ ወጥታ ቦታው በግልጽ እስኪታይ ድረስ ቄጠማው ውስጥ አትግቡ፤ ሰው በሚያዘወትረው ዳርቻ ላይ ቁሙ።

ሁለተኛ፣ ብልሃርዝያ። ይህ በሽታ በሐይቁ ዙሪያ በሚኖሩ ልጆችና አጥማጆች ላይ ታይቷል። ተሐዋሲው የሚኖረው በዳርቻው ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ሲሆን፣ ውሃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም። ስለዚህ ልጆቻችሁ ከደረቁ መሬት ወይም ከድንጋይ ላይ ሆነው ያጥምዱ፤ ባዶ እግራቸውን ውሃ ውስጥ አይቁሙ። ሆድ ቁርጠትና ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ከታየ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያድነዋል።

ሦስተኛ፣ እርሳስ። የባለቤቴ ወንድም ያመጣውን ዓይነት መንጠቆ ቤት ውስጥ ለመሥራት እርሳስ ማቅለጥ ፈጽሞ አይገባም። ጢሱና ብናኙ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ለክብደት አንዲት ትንሽ ብሎን ወይም የብረት ቀለበት ትበቃለች። የተጣለ ናይለን ክርም የወፍ እግር ይጠልፋልና ጠቅልላችሁ ይዛችሁት ተመለሱ።

አራተኛ፣ ዋና የማይችል ልጅ ጀልባ ላይ ያለ መንሳፈፊያ ጃኬት አይውጣ።

በወጥ ቤት

እናቶች ስለ ዓሣ የሚጠይቁትን አንድ ነገር ሳናነሳ አንለፍ። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ጎላና ጠራ ያለ፣ ስንጥቁ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ነው። ዓይኑ የጎደጎደና የፈዘዘ ከሆነ ይቅር። ቅርፊቱ ከጅራት ወደ ራስ ይፋቃል፤ ሆድ ዕቃው ቶሎ ይወጣል። ከዚያ በሎሚና በጨው ታሽቶ ጥቂት ይቆያል። ጎንና ጎኑን በቢላ ጫር ጫር አድርጎ በዘይት መጥበስና ከዳጣ ወይም ከአዋዜ ጋር ማቅረብ ነው። ራሱና አጥንቱ አይጣል፤ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ግሩም ሾርባ ይወጣዋል። በአሞራ ገደል ብዙ ሰው ጥሬውን ይበላል፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ግን በደንብ የበሰለው ይሻላል።

ሌላም ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች የወጡ ጥናቶች በትልልቅ ቢልጫዎች ሥጋ ውስጥ የሜርኩሪ መጠን ከፍ ብሎ መገኘቱን አመልክተዋል። ምክንያቱ ትልልቁ ቢልጫ ሌሎች ዓሦችን ስለሚበላ የእነርሱንም ስለሚያጠራቅም ነው። እፀዋት የሚመገበው ቆሮሶ ግን በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። እንግዲህ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ትልልቁን ቢልጫ ትተው ቆሮሶውን ቢመርጡ ይበጃቸዋል።

ምን ቀረን?

ልጄ ዛሬም ስልክ ይወዳል፤ ተአምር ተፈጠረ ብለን አንዋሽም። ግን ዓርብ ማታ ሲሆን ትል ለመቆፈር ጓሮ ይወርዳል። ስጠራው ይሰማኛል። ቅዳሜ ጧት ከሶላት በኋላ ጎን ለጎን እንቆማለን፤ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንነጋገርም፤ ያ ዝምታ ግን እንደ ቤቱ ዝምታ አይደለም። ላባዎቹ ያሉባት ሣጥን መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። አጎቱ ሲደውል የሚጠይቀው፣ «ክራፒዎቹ አባቶች ደህና ናቸው?» ብሎ ነው።

ወላጆች ሆይ! የምንኖርበትን ስፍራ ለልጆቻችን ያሳየናቸው እንደሆነ ይወዱታል፤ የወደዱትን ነገር ደግሞ ይጠብቁታል። ጨለለቃን ሐይቅ ሆኖ አላዩትም። የሐዋሳን ሐይቅ ግን እናሳያቸው። ገበያ ስትወጡም እጃችሁን ዘርግታችሁ ለኩ። ከስንዝር ያነሰውን ዓሣ «ይደግ» ብላችሁ ተዉት። ሻጩ ዛሬ ይስቅባችሁ ይሆናል። ብዙ እጅ ከተዘረጋ ግን ነገ መረቡን ያሰፋል፤ በአሸዋው ላይ አፏን ከፍታ ልጆቿን የምታፈስ እናትም ትቀንሳለች፤ ኢንሻአላህ።